ነጭ ሽንኩርት ለቆሮሶ፦ ለእርባታ ዓሣ ጤና የሚሰጡ የተፈጥሮ መኖ ማሟያዎች

የመኖ ማሟያ ከዋናው መኖ ጋር በትንሹ ተቀላቅሎ የሚሰጥ ነገር ነው። ለጥጋብ አይደለም፤ ዓሣው በሽታን እንዲቋቋም ነው የሚጨመረው። በአገራችን ኩሬዎች በብዛት የሚረባው ቆሮሶ ነው። አምባዛና ዱባ የተባሉ ዓሣዎችም አሉ። መኗቸው ብዙ ጊዜ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ይዘጋጃል። ማሟያው ደግሞ፣ ደስ የሚለው፣ አብዛኛው ከጓዳችን ይወጣል።

ጉዳዩን ያስነሳው አንቲባዮቲክ ነው። በመኖ ውስጥ መድኃኒት መጨመር በብዙ አገር ተለምዶ ነበር። ባክቴሪያዎቹም መድኃኒቱን ለመዱት። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. ለእድገት ተብሎ በእንስሳት መኖ የሚጨመር አንቲባዮቲክን ከለከለ።

በደንብ ከተጠኑት የተፈጥሮ ማሟያዎች አንዱ ነጭ ሽንኩርት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የግብፅ ጥናት በአንድ ኪሎ የቆሮሶ መኖ ከ10 እስከ 40 ግራም ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ ሞክሯል። ጎን ለጎን ክሎራምፌኒኮል የተባለውን አንቲባዮቲክም ፈትኗል። ከነጭ ሽንኩርቱ ጥሩ እድገት የታየው 30 ግራሙ ላይ ነው።

ኃይሉ ያለው አሊሲን በሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህ የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲወቀጥ ነው። ድፍኑን ብታሸቱት ያን ያህል አይሸትም፤ ሲወቀጥ ግን ሽታው ይበረታል። አሊሲን የሚፈጥረውን ኢንዛይም ሙቀት ይገድለዋል። ስለዚህ መኖው ተቀቅሎ ከሆነ መጀመሪያ ይብረድ። ነጭ ሽንኩርቱም ተወቅጦ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ከዚያ ተቀላቅሎ በሥጋ መፍጫ ይወጣና ጥላ ላይ ይደርቃል።

ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብልና እርድም ተሞክረው ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። የቢራ እርሾም አለ፤ በእርሾው ሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ ንጥረ ነገር የዓሣውን የመከላከያ ሕዋሳት ያነቃቃል። ለስንት ሳምንት መሰጠት እንዳለበት ግን ተመራማሪዎች አይስማሙም።

ሽፈራው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ፕሮቲን ሞልቶታል፤ ነገር ግን ታኒንና ሳፖኒን የተባሉ፣ እድገትን ሊያውኩ የሚችሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ኦሌይፌራ በተባለው ዝርያ በተሠራ ሙከራ ከቆሮሶው መኖ ፕሮቲን 10 በመቶውን ሲተካ ችግር አልታየም። ከዚያ ሲያልፍ እድገቱ ቀነሰ። የኮንሶው ሽፈራው ሌላ ዝርያ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ ልክ አይሆንም።

ስፒሩሊና ደግሞ የራሳችን ሀብት ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅና የጪቱ ሐይቅ በዚህ ሰማያዊ አረንጓዴ ረቂቅ ባክቴሪያ የታወቁ ናቸው። ለዓሣ ጤናም ለቀለምም ይጠቅማል። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከላችን በዓሣ ጫጩትና በመኖ ላይ ሲደክም የኖረ ቤት ነው፤ ይህንንም ሥራ ለመምራት ከእሱ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

አርቢው መጀመሪያ ማየት ያለበት ፋጉሎውን ነው። የኑግ ፋጉሎ በእርጥበት ይሻግታል፤ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝም ይፈጠርበታል። መርዙ የዓሣውን ጉበት ይጎዳል፤ ነጭ ሽንኩርት አይመልሰውም። ፋጉሎው ትኩስ ይገዛ፤ ጆንያውም መሬት ላይ ሳይሆን ርብራብ ላይ ይቀመጥ።