የእርሻ አለቃና ካቦ፦ በአሜሪካና በካሪቢያን የባርነት እርሻዎች

በአሜሪካ ደቡብና በካሪቢያን ደሴቶች ባሪያ በሚያሠሩ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ፣ በባለቤቱና በሠራተኛው መካከል የሚቆም ሰው ነበር። እንግሊዞቹ «ኦቨርሲር» ይሉታል። በአማርኛ አንዳንዱ «ተቆጣጣሪ»፣ ሌላው «አሠሪ» እያለ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱም የመሥሪያ ቤት ሽታ አላቸው። በዚህ ጽሑፍ ደመወዝተኛውን ነጭ «የእርሻ አለቃ»፣ ከሥሩ ያለውንና ራሱም ባሪያ የሆነውን «ድራይቨር» ደግሞ «ካቦ» እንለዋለን። ካቦ ቃሉ ከጣሊያን ቢመጣም በመንገድ ሥራ ወይም በእርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። እርግጥ የእኛ ካቦ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይገባል። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በባርቤዶስ ሸንኮራና በቨርጂኒያ ትምባሆ እርሻዎች ላይ ተጀመረ። የባሪያው ቁጥር ከነጩ እየበለጠ ሲሄድ ፍርሃት ስላደረባቸው፣ በጃማይካና በደቡብ ካሮላይና በእርሻው ላይ ለሚኖረው ባሪያ ብዛት ተመጣጣኝ ነጭ እንዲቀመጥ የሚያስገድዱ ሕጎች ወጡ። አለቃው ከማምረት ሌላ የጥበቃ ሥራም ነበረበት ማለት ነው።

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ወረቀት የተረፈው ከጆርጅ ዋሽንግተን ርስት፣ ከማውንት ቬርነን ነው። ርስቱ በአምስት እርሻዎች የተከፈለ ነበር። ጌታው ከ1775 እስከ 1783 በጦር ሜዳ፣ ከ1789 እስከ 1797 ደግሞ በፕሬዚዳንትነት ከቤቱ ርቆ ስለነበር፣ ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት ቀን አረም ላይ ዋለ፣ ስንት በግ ሞተ የሚል ሪፖርት በየሳምንቱ እየደረሰው በደብዳቤ ያዝ ነበር። በሞተበት በ1799 በርስቱ ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር፤ 123ቱ የራሱ፣ የቀሩት አብዛኞቹ ከሚስቱ ወገን በውርስ የመጡ።

ማዲ ሆል የተባለውን እርሻ ይመራ የነበረው ዴቪ ግሬይ ራሱ ባሪያ ነበር። ዋሽንግተን ስለ እሱ ሲጽፍ ከነጮቹ አለቆች እንደማያንስ፣ እንዲያውም ከእነሱ በበለጠ ጸጥታ ሥራውን እንደሚያካሂድ መስክሯል። በ1793 የበቆሎ ዱቄት ቀለብ አንሷል የሚል አቤቱታ ሲነሣ ዴቪ ዝም አላለም፤ ለሰዎቹ የሚሰፈረው እንደማይበቃ፣ አንዳንዶቹ ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ እንደሚውሉ ለጌታው ነገረው። ዋሽንግተንም ለሥራ አስኪያጁ ጽፎ በቂ ቀለብ እንዲሰጣቸው አሳሰበ። 

የሥራው ትልቁ ዘመን ከ1800 በኋላ፣ ጥጥ ወደ አላባማ፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ሲስፋፋ ነው። በ1860ው የሕዝብ ቆጠራ ወደ 38 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሥራቸውን የእርሻ አለቃ ብለው አስመዝግበዋል። በዚያው ቆጠራ የባሪያዎቹ ቁጥር 3,953,760 ነበር። አለቃው ባብዛኛው መሬት የሌለው ወይም የትንሽ ገበሬ ልጅ የሆነ ነጭ ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ሲሆን ደመወዙን የሚቀበለው አዝመራው ከገባ በኋላ ነው። በጥጥ አገር ብዙዎቹ በዓመት ከ200 እስከ 500 ዶላር ያገኙ ነበር። በየዓመቱ መባረርና ሌላ እርሻ መፈለግ የተለመደ ነው። ጌታው «ሰዎቼን አትጉዳብኝ፣ ንብረቶቼ ናቸው» ይለዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን የሚቆጥረው የጥጥ እስር ነው። ቶማስ አፍሌክ የተባለ ሰው ለዚሁ ሥራ የታተመ መዝገብ ይሸጥ ነበር፤ የእያንዳንዱ ሰው የቀን ለቀማ የሚሞላበት ሰንጠረዥ፣ የከብቱ ቆጠራ፣ የባሪያዎቹ የልደትና የሞት ዝርዝር፣ በዓመቱ መጨረሻም የዋጋቸው ግምት በአንድ ጥራዝ ውስጥ ነበሩ። ከ1845 እስከ 1849 ፕሬዚዳንት የነበረው ጄምስ ፖልክም በሚሲሲፒ ካለው የጥጥ እርሻው የአለቃው ደብዳቤ ይደርሰው ነበር፤ ስለ አዝመራው፣ ስለታመመው፣ ስለጠፋው።

የቀኑን ውሎ በቅርብ ያሳየን ግን የታተመው መዝገብ ሳይሆን ሰሎሞን ኖርዝአፕ ነው። ነጻ ሰው ሆኖ ሳለ በ1841 ታፍኖ የተሸጠ፣ እስከ ጥር 1853 በሉዊዚያና በባርነት የኖረ ሰው ነው። እንደ እሱ ምስክርነት የአንድ ሰው የተለመደ የቀን ለቀማ 200 ፓውንድ፣ ማለትም 90 ኪሎ ገደማ ነበር። ሲመሽ ቅርጫቱን ተሸክሞ ጥጡ ወደሚመዘንበት መዳመጫ ቤት ለመሄድ የማይፈራ አልነበረም። ሚዛኑ ከጎደለ ይገረፋል፤ ከበለጠ ደግሞ የነገ ልኩ ከፍ ይላል።

ኖርዝአፕ ራሱ በኤድዊን ኤፕስ እርሻ ላይ ለስምንት ዓመታት ካቦ ሆኗል። አለንጋ በአንገቱ አንጠልጥሎ ይውላል፤ ካልገረፈ እሱ ይገረፋል። ስለዚህ አንድ ጥበብ አወጣ፦ አለንጋውን በጆሮና በአፍንጫ አጠገብ በፀጉር ስፋት እያሳለፈ ሳይነካ ማወናጨፍ። ኤፕስ ከሩቅ ሲመለከት ሰዎቹ ይንፈራገጣሉ፣ ይጮኻሉ፤ አንዱንም ግን አልነካውም። እንዲህ ያለው ካቦ ስንት ነበር ቢባል የሚቆጥር የለም፤ በወገኑ ላይ የጨከነ ካቦም አልጠፋም።

ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በልጅነቱ ስላደገበት የሜሪላንዱ የሎይድ ርስት ሲናገር ኦስቲን ጎር የሚባል አለቃን ያነሣል። ዴምቢ የተባለ ሰው ሲገረፍ አምልጦ ወንዝ ውስጥ ገባ። ጎር ሦስት ጊዜ ጠራው፤ አልወጣም። ተኩሶ ገደለው። ሲጠየቅ ያቀረበው ምክንያት፣ አንዱ እንቢ ብሎ በሕይወት ከኖረ ሌሎቹም ይከተሉታል የሚል ነበር። ጎር በሥራው ቀጠለ። ባሪያ በነጭ ላይ መመስከር በሕግ ስለማይችል፣ ያዩት ሁሉ እንደ ምስክር አልተቆጠሩም።

በደቡብ ካሮላይናና በጆርጂያ የሩዝ ረግረግ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ሥራው በቁርጥ ይሰጣል፤ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ባብዛኛው ሩብ ኤከር ነው፤ ቶሎ የጨረሰ የቀረው ጊዜ የራሱ ነው። በበጋው ወባ ጌቶቹ ወደ ከተማ ሲሸሹ የውሃ በሮቹን መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚያውቀው ጥቁሩ ካቦና ጓደኞቹ ነበሩ። የሩዙ እውቀት ራሱ ከምዕራብ አፍሪካ አብሯቸው የመጣ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ሌሎች ድርሻውን ያሳንሱታል፤ የአፍሪካውን የሩዝ ዝርያ ያለሙት የምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች መሆናቸው ግን የታወቀ ነው።

ጌቶቹ በጭካኔ ሲወቀሱ ጥፋቱን በአለቃው ላይ መጣል ይወዱ ነበር። አለቃውን የቀጠረው፣ የጥጥ እስሩን ቁጥር የጠየቀውና ትርፉን የወሰደው ማን እንደሆነ ስናይ ሰበቡ ብዙ አያስኬድም።

በጃማይካ ባለቤቶቹ እንግሊዝ ስለሚኖሩ አለቃው የእርሻው ንጉሥ ነበር፤ «ቡሻ» የሚለው የደሴቲቱ ቃልም ከ«ኦቨርሲር» የወጣ ነው። ከሥሩ ያሉት ነጮች «ቡክኪፐር» ቢባሉም መዝገብ አይዙም፤ ሥራቸው ማሳ መጠበቅ ነው። በ1750 ጃማይካ የደረሰው አለቃ ቶማስ ቲስልዉድ እስከሞተበት እስከ 1786 ድረስ ማስታወሻ ጽፏል፤ የገረፋቸውንና የደፈራቸውን ሴቶች በገዛ እጁ፣ ድፍረቱን በላቲን፣ መዝግቦ ትቶልናል። በብራዚል አለቃው «ፈይቶር» ይባል ነበር።

በፈረንሳይዋ ሴንት-ዶሚንግ፣ በዛሬዋ ሄይቲ፣ ካቦው «ኮማንደር» ነው። ነሐሴ 1791 የተነሣውን ዓመፅ ካሴሩት መካከል ብዙዎቹ እነዚህ ነበሩ። የሴራው ስብሰባና ከዓመፁ በፊት ተደረገ የሚባለው የቧ ካይማን የሃይማኖት ሥነ ሥርዓት ቀንና ቦታ አከራካሪ ነው። ሌሊት ከእርሻ ወደ እርሻ መሄድ፣ ሰው በአንድ ቃል ማንቀሳቀስ የሚችለው ኮማንደሩ መሆኑ ግን አያከራክርም፤ ሰውን ለሥራ የሚጠራበትን ጥሩንባ ጌቶቹ ራሳቸው ነበር የሰጡት።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ኮንፌዴሬሽኑ (የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መንግሥት) በጥቅምት 11፣ 1862 ባወጣው ሕግ 20 ባሪያ ላለው እርሻ አንድ ነጭ ከግዳጅ ውትድርና ነጻ እንዲሆን ፈቀደ። ድሃው ወታደር «የሀብታም ጦርነት፣ የድሃ ውጊያ» እያለ አጉረመረመ።

በ1865 ባርነት በሕግ ቢያበቃም ለወንጀል ቅጣት የሚደረገው የግዳጅ ሥራ ሳይከለከል ቀረ። ሚሲሲፒ በ1901 በመሠረተችው የፓርችማን እስር እርሻ ጥጥ የሚለቅሙትን እስረኞች ጠብመንጃ ይዘው የሚጠብቁት ራሳቸው እስረኞች ነበሩ። «ትረስቲ ሹተር» ይባሉ ነበር፤ ባዶ እጃቸውን የሚለቅሙት ደግሞ፣ በጠብመንጃ ሥር ስለሚውሉ፣ «ጋንመን»። በ1972 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህ አሠራር እንዲቆም ወሰነ።