የኮራል ገንዳ የውኃ ኬሚስትሪ ሚዛን

የኮራል ገንዳን ውኃ ማመጣጠን ሲባል፣ ሕይወት ያላቸው ኮራሎች በሚኖሩበት የጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ ካልሲየም፣ አልካሊኒቲ (ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ በአብዛኛው ከካርቦኔትና ከባይካርቦኔት የሚመጣ) እና ማግኒዢየም ኮራሎቹ በሚወስዱት ልክ እየተተኩ ከባሕር ውኃ መጠን እንዳይርቁ ማድረግ ነው። ዓሣ ብቻ ለሚያኖር ሰው ጉዳዩ እምብዛም አያሳስብም፤ አጽማቸው ድንጋያማ የሆነ ኮራሎች ግን ካልሲየምንና ካርቦኔትን ከውኃው እየሳቡ ስለሚያድጉ፣ በጠባብ ገንዳ ውስጥ ክምችቱ ከቀን ወደ ቀን ይጎድላል።

ኬሚስቱ ዊልያም ዲትማር ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ከልዩ ልዩ ውቅያኖሶች ያመጣቻቸውን 77 ናሙናዎች መርምሮ፣ የዋና ዋናዎቹ ጨዎች ድርሻ በየባሕሩ ተመሳሳይ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1884 አሳይቷል። ቀይ ባሕር ከሌሎች የበለጠ ጨዋማ ቢሆንም የጨዎቹ ድርሻ ያው ነው። ጨዋማነቱ በሺህ 35 የሆነ የውቅያኖስ ውኃ በሊትር 410 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም፣ 1,300 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዢየም ይይዛል፤ አልካሊኒቲው በጀርመን መለኪያ ወደ 7 ዲግሪ ሲሆን ገንዳ ያላቸው ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 ባለው ውስጥ ያቆዩታል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለበት ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ በመጠቀም ኮራል ያኖር ነበር። ሌላው ታላቅ ስኬት የታየው በሞናኮ ነው። ልዑል አልበርት ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1910 ባስመረቁት የውቅያኖስ ሙዚየም ውስጥ፣ ፕሮፌሰር ዣን ዦበር እ.ኤ.አ. በ1989 ከጎረቤታችን ከጅቡቲ የመጣ የኮራል ሪፍ ክፍል 40 ሜትር ኩብ በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ሕያው አድርገው አቆዩ። የዦበር ዘዴ ወፍራም የአራጎናይት (የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) አሸዋ ከወንፊት በላይ ተነጥፎ ከሥሩ ባዶ የውኃ ክፍል የሚተውበት ነው፤ ኦክስጅን በሚያንስበት የአሸዋው ጥልቀት ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጣሉ፣ አሸዋውም በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ ካልሲየም ይለግሳል። ልግስናው ፈጣን አዳጊ ኮራሎች ለሞሉበት ገንዳ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው አከራካሪ ነው።

የሥራው ቁልፍ የፍጆታው ምጣኔ ነው። ኮራሎች አጽም ሲሠሩ አልካሊኒቲው 2.8 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ካልሲየም የሚቀንሰው በሊትር 20 ሚሊግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ካልሲየሙ ከ420 ወደ 400 ሲወርድ ልዩነቱ ሳይታወቅ፣ አልካሊኒቲው ከ8 ወደ 5.2 አሽቆልቁሎ ይገኛል። ቀድሞ የሚለካው እርሱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ባለ የገንዳ ውኃ ላይ መመርመሪያው ጠብታ በጠብታ ይጨመራል፣ ሰማያዊው ቀለም ወደ ቢጫ እስኪዞር የፈሰሰው ጠብታ ተቆጥሮ ንባቡ ይገኛል።

የጎደለውን ለመተካት ከሁሉ ቀላሉና የተመሰገነው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፒተር ቪልከንስ ያስፋፋው የኖራ ውኃ ነው፤ ካልሲየምንና አልካሊኒቲን በሚፈጁበት ምጣኔ አብሮ ይሰጣል። ቤት ለመቀባት የሚሸጠው ኖራ ግን ንጽሕናው ስለማይታወቅ አይመከርም። አንድ ሊትር ውኃ ከ2 ግራም ያነሰ ኖራ ብቻ ስለሚያሟሟና ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ከ12 በላይ ስለሆነ፣ ከገንዳው የተነነውን ውኃ ለመተካት፣ በተለይ ፒኤች በሚወርድበት ሌሊት፣ ቀስ ብሎ እንዲንጠባጠብ ይደረጋል። ፍጆታው ከዚህ በላይ ሲሆን ካልሲየም ክሎራይድና ሶዲየም ባይካርቦኔት በየራሳቸው ዕቃ ተሟሙተው በተለያየ ሰዓት ይጨመራሉ፤ በአንድነት ከተደፉ ውኃው እንደ ወተት ይነጣል፣ የተጨመረውም የኖራ ድንጋይ (ካልሲየም ካርቦኔት) ሆኖ በማሞቂያውና በፓምፑ ላይ ይጋገራል። ማግኒዢየም ይህን ዝቃጭ ስለሚያዘገይ፣ ካልሲየም ቢጨመርም አልጨምር ካለ ቀድሞ የሚጠረጠረው የእርሱ ማነስ ነው።