ስለ ልቅ ውሻና ስለ ብርቅዬ እንስሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሐዋሳ ተነስቶ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌና በዶዶላ በኩል የባሌዋ ዲንሾ የደረሰ መንገደኛ የቀይ ቀበሮን አገር ረግጧል። በሻሸመኔ ወደ አርባ ምንጭ ታጥፎ አጄን ያለፈ ደግሞ በሰንቀሌ ቆርኬ የሚባሉትን ሣር በል የዱር እንስሳት ያገኛል። ሁለቱም ዛሬ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ እንስሳት ናቸው። ልቅ ውሻ በእነሱም ሆነ በሌሎች የዱር እንስሳት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ከሚነገረው ብዙው የተሳሳተ ነው፤ ስህተቱ ደግሞ ያላሰብነውን እንስሳ ያስገድላል።

«ጉዳት የሚያደርሰው ባለቤት የሌለው ውሻ ነው»

ጎዳና ላይ ከሚታየው ውሻ አብዛኛው ባለቤት አለው፤ ጠዋት ከግቢ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ባለቤት ያለውን ውሻ ማስከተብም ማሰርም ይቻላልና። ቀይ ቀበሮ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ፣ በደጋው ውሻ መታሰር ያለበት በተለይ ቀን ነው። ማታ በታጠረ ግቢ ውስጥ ይፈታ፤ ጅብ ሲመጣ የመጮህ ሥራውን አይተውም። ገመዱ ከ3 ሜትር ባያንስ፣ ጥላና ውኃ ቢኖረው፣ በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ቢያስገባ ይበቃል። ሌት ተቀን የታሰረ ውሻ ግን ተናካሽ ይሆናል፤ ሲያመልጥም የባሰ ነው።

በሰንቀሌ አካባቢ ከብት የሚያግድ ሰው ውሻውን ቤት ቢተው ይመረጣል። የቆርኬ ግልገል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእናቱ ጋር አይሮጥም፤ ሣር ውስጥ ተኝቶ ይደበቃል። ከዓይን ሊያመልጥ ይችላል፣ ከውሻ አፍንጫ ግን አያመልጥም።

«መርዝ ፈጣን መፍትሔ ነው»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ስትሪክኒን የተባለው መርዝ የተቀባ ሥጋ ማን እንደሚበላው አይመርጥም፤ ጅብም፣ ጥርኝም፣ ጥንብ አንሳም ይበላዋል። የተመረዘው ውሻ ሬሳ ራሱ ሁለተኛ ወጥመድ ይሆናል። ሐዋሳ ላይ ከአባ ኮዳው ጎን ለጎን ትርፍራፊ የሚለቅመው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ በዓለም አቀፉ መዝገብ እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ወፎች አንዱ ነው። በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥለው አንድ ዕንቁላል ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ሌሊት የሞቱትን ለመተካት ዓመታት ይፈጃል።

ውሻውም ቢሆን አይቀንስም። ምግቡ እዚያው ስላለ የሞተውን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣ ይይዘዋል፤ የተረፉትም ቡችሎቻቸው ጠግበው ያድጋሉ። ከዚህም በላይ መርዙ የተከተቡትንም ይገድላል። በምትካቸው የሚመጡት ያልተከተቡ ናቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ መንገድ ያገኛል ማለት ነው።

የውሻን ቁጥር የሚወስነው ምግብና መውለድ ነው። በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት የሚወድቀው የቆሮሶና የአምባዛ ጭንቅላትና አንጀት፣ በየሰፈሩ ለበዓል ሲታረድ የሚጣለው ፈርስ፣ ላም ስትወልድ የሚጣለው የእንግዴ ልጅ፣ ሁሉም የውሻ ቀለብ ነው። በኬሻ አስሮ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፣ ውሻ ይቀደዋል። ክዳኑ የሚቆለፍ በርሜል ያስፈልጋል። የሚቀበር ከሆነ ከሐይቁና ከጉድጓድ ውኃ ርቆ፣ ከላዩ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ተደልድሎበት፣ ድንጋይና እሾህ ይጫንበት። ጥልቀቱ ሲያንስ በማግሥቱ ተቆፍሮ ይገኛል።

«የውሻ ጉዳቱ ጥርሱ ነው»

ቀይ ቀበሮን ከንክሻ ይልቅ የጨረሰው በሽታ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 የእብድ ውሻ በሽታ እዚያ ብዙ ፈጀ። በ2003 ደግሞ እዚያው ባሌ ባለው በዌብ ሸለቆ ክትትል ይደረግባቸው ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞቱ። በ2010 ዲስተምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ ተከተለ። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ተሰባስቦ ስለሚኖርና እርስ በርሱ አፍ ለአፍ ሰላምታ ስለሚለዋወጥ፣ አንዱ ከታመመ በሽታው ወደ ሌሎቹ ቶሎ ይተላለፋል።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚዋጥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለቀበሮዎቹ መሰጠት ተጀምሯል። ይህ ግን የውሻን ክትባት አይተካም፤ ምንጩ እስካለ ድረስ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ከሐዋሳ ወይም ከሻሸመኔ ቡችላ ጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ካላስከተበ መጫን የለበትም።

«አንዴ የተከተበ ውሻ ለዕድሜው ይበቃዋል»

አይበቃውም። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። የስርጭቱን ሰንሰለት ለመበጠስ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። ውሻ ቶሎ የሚወልድና ቶሎ የሚሞት እንስሳ ስለሆነ ዘመቻው አንድ ዓመት ሲዘለል ይህ ቁጥር ይወርዳል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። በረዶ በሌለው ዕቃ ፀሐይ ላይ የዋለ ብልቃጥ ሲያዩት ምንም አይመስልም፣ ኃይሉ ግን ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ከየት ወጥቶ በምን እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም።

«ውሻና ቀበሮ አይዋለዱም»

ይዋለዳሉ። በዌብ ሸለቆ ከወንድ ውሻና ከሴት ቀይ ቀበሮ የተወለዱ ድቅሎች ታይተዋል። ድቅሉ ራሱም ይወልዳል።

«ሴት ውሻ አንዴ ሳትወልድ ብትመክን ትታመማለች»

የሕክምና መሠረት የለውም። ሴት ውሻ ከ6 ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው፣ በዓመትም ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ቁጥር ለመቀነስ ከወንዱ በፊት ሴቷን ማምከን የሚሻለው ለዚህ ነው፤ አንድ ያልተኮላሸ ወንድ ለብዙ ሴቶች ይበቃልና። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ቁስሏን እንዳትልስና እንዳትሮጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስፌት የሚፈታው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

«ድመት ከጠገበች አታድንም»

የጠገበችም ታድናለች። ሐይቅ ዳር ሸምበቆ አጠገብ የሚኖር ሰው ድመቱን ከምሽት እስከ ንጋት ቤት ውስጥ ቢያቆያት ብዙ የወፍ ጫጩት ይተርፋል።

«የዱር እንስሳ ከተላመደ እንግዳ ወዳድ ሆኗል»

ሰው የማይፈራ፣ የሚንገዳገድ፣ ለሃጩን የሚያዝረበርብ ቀበሮ የታመመ ሊሆን ይችላል። አትቅረቡት፤ ሞቶ ከተገኘም በባዶ እጅ አትንኩት፣ ውሻም አታስቀርቡ። ቦታውን ለይቶ ለፓርኩ ጥበቃ ወይም ለወረዳው እንስሳት ሕክምና ወዲያው መንገር ያስፈልጋል፤ ሬሳው ሳይበሰብስ ናሙና ከተወሰደ የተረፈውን ቤተሰብ ለመከተብ ጊዜ ይገኛል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።