«አሶሺዬት» ቴራፒስት ማለት ምን ማለት ነው?

ካሊፎርኒያ ውስጥ የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒስት ስትፈልጉ፣ ከአንዳንዱ ስም ጎን «አሶሺዬት» የሚል ታያላችሁ። ተማሪ ማለት አይደለም። ማስተርሱን ጨርሷል፣ በግዛቱ ቦርድ ተመዝግቧል፤ ግን ገና ሙሉ ፈቃድ የለውም። ተቆጣጣሪ በሚባል ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥር እየሠራ ለፈቃዱ የሚፈለገውን ሰዓት ያሟላል።

ስንት ሰዓት? 3,000! ሁሉም ግን ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ አይደለም። ቢያንስ 1,750ው ቀጥታ ምክር መስጠት ነው፤ ከዚህም 500ው ከጥንዶች፣ ከቤተሰብ ወይም ከልጆች ጋር መሆን አለበት። የቀረው ማስታወሻ መጻፍን፣ ሥልጠናንና ከተቆጣጣሪ ጋር መገናኘትን ይጨምራል። ቀን ከሌት ሠርቶ ቶሎ መገላገልም የለም፤ ቢያንስ 104 ሳምንት ይፈጃል።

ፈተናው ሁለት ነው፦ አንዱ የሕግና የሥነ ምግባር፣ ሌላው የሙያው።

እኛን የሚያደናግረን ግን ሌላ ነው። ፈቃዱ የግዛት እንጂ የአገር አይደለም። በቪዲዮም ቢሆን የሚታየው ደንበኛው ያለበት ቦታ ነው። ሎስ አንጀለስ ያለ ቴራፒስት ቨርጂኒያ ያለችውን እህታችሁን ልምከር ቢል፣ በአብዛኛው የቨርጂኒያ ፈቃድ ይጠየቃል። «አማርኛ ይችላል እኮ!» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

አሶሺዬት ካገኛችሁ አትሽሹ። ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ ብቻ ጠይቁት፤ ገና ፈቃድ እንደሌለውና በተቆጣጣሪ ሥር እንደሚሠራም አስቀድሞ የመንገር ግዴታ አለበት።