አሠረ ሐዋርያት እና ሞያ ትምህርት ቤቶች

አሠረ ሐዋርያት እና ሞያ የድሃ ልጆችን ያለ ክፍያ ለማስተማር አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋሙ ሁለት እህትማማች ትምህርት ቤቶች ናቸው። የመጀመሪያው ፊደል ያስቆጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተው ሁለተኛው ደግሞ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ እርሻና የእጅ ሥራ ከቀለም ትምህርቱ ጋር ይዞ ተነሣ። መሥራቻቸው አቶ አስፋው የምሩ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ከ100,000 የሚበልጡ ልጆች በእነዚህ ቤቶች አልፈዋል።

አቶ አስፋው ቡልጋ ተወልደው፣ በ9 ዓመታቸው ገደማ ብቻቸውን አዲስ አበባ ገብተው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያደሩ ልጅ ነበሩ። ሰው ቤት እያገለገሉ ተማሩ፤ ጎበዝ ስለነበሩም በጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ዊንጌት ያኔ ከየአገሩ የተመረጡ ተማሪዎች ዳቦና አልጋ ሳይጨነቁ የሚማሩበት ቤት ነው። ከአጥሩ ማዶ ግን የተራቡ ልጆች ይውላሉ። አቶ አስፋው ከምግብ አዳራሹ የሚተርፈውን እየሰበሰቡ ያወጡላቸው ጀመር። ምግቡን ለመቀበል የመጡት ልጆች ግን የሚራቡት እንጀራ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1957፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በአቅራቢያው ባለው የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ወንበር የለም፣ ጣሪያ የለም፤ አስተማሪው ራሱ ተማሪ ነው።

የልጆቹ ቁጥር ሲበዛ ግቢው ጠበበ። እንደሚነገረው አቶ አስፋው የንጉሠ ነገሥቱ መኪና ሲያልፍ መንገድ ላይ ወድቀው ቦታ ለመኑ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መሬት ሰጧቸው። አሠረ ሐዋርያት ያረፈው በዚያ መሬት ላይ ነው። ስሙ ከግእዝ ሲፈታ የሐዋርያት ፈለግ፣ የሐዋርያት ዱካ ማለት ነው።

ሞያ የሚለው ስም ግን ብዙ የሚያናግር ነው። በአማርኛ ወጥ የምታሳምር ሴት ባለሞያ ትባላለች፤ ስሙ ምስጋና ነው። ወጡ የተሠራበትን ድስት በእጇ ያበጀችው ሸክላ ሠሪ ግን ዓይኗ ተፈርቶ፣ ልጇ ለጋብቻ ተሸሽቶ ኖራለች። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ እየተባለ ተሰድቧል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን ወዲያው አላጠፋውም። በአዲስ አበባው በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ቀጨኔ ላይ ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ደግሞ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መወርወሪያ ከግራ ቀኝ የሚያመላልሱ ሸማኔዎች ይኖራሉ። የከተማው ሰው ለበዓል የሚደምቅበት ጥበብ ከእነሱ እጅ የወጣ ነው። እንዲህ ባለ አገር የትምህርት ቤትን በር ላይ «ሞያ» ብሎ መጻፍ ትልቅ ድፍረት ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ በጠዋት ፊደል የያዘበት እጅ ከሰዓት በኋላ አፈር ወይም እንጨት ቢነካ አይረክስም ማለት ነውና።

አሠራሩም ከልጆቹ ኑሮ የተነሣ ነበር። ክፍያ የለም። ዱላ የለም፤ በየትምህርት ቤቱ አለንጋ እንደ ጠመኔ በሚያዝበት ዘመን ልጅ አይገረፍም ብሎ መጽናት ቀላል አልነበረም። ካደጉት ተማሪዎች ብዙዎቹ ተመልሰው አስተማሪ ሆነዋል፤ የሊስትሮ ሳጥን የተሸከመ ልጅ ፊት የሚቆመው መምህር ያንን ትከሻ ያውቀዋል ማለት ነው። የድሃ ልጅ ትምህርት የሚያቋርጠው አእምሮው ስለሰነፈ አይደለም፤ እናቱ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ የእሱም ሳንቲም ስለሚያስፈልግ ነው። ስለዚህ በየትኛውም ዓመት ቢወጣ በእጁ የሚይዘው ነገር ሊኖር ይገባል፤ ማንበብ፣ መቁጠር፣ ማረስ፣ መሥራት።

እ.ኤ.አ. በ2001 አቶ አስፋው መቀመጫውን ስዊድን ካደረገው የዓለም ሕፃናት ሽልማት ተሸላሚዎች አንዱ ሆኑ። ስማቸው ከአገር ውጪ የታወቀውን ያህል በአገራቸው አለመነገሩ ያሳዝነኛል፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቅ ወጣት ብዙ ነው።

ምግቡ ይወጣበት የነበረው የዊንጌት ግቢም እንደ ድሮው አይደለም። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ቀርቶ ጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል፤ በዚያ አጥር ውስጥ ወጣቶች የእጅ ሙያ ይማራሉ።