የጆንያ ጓሮ ምንድን ነው?

የጆንያ ጓሮ ማለት ጆንያን በአፈር ሞልቶ አቁሞ፣ በአፉም በጎኑም አትክልት መትከል ነው። ከላይ ቃሪያና ቲማቲም ይቆማል፤ ዙሪያውን በተቀደዱት ቀዳዳዎች ደግሞ ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ ይወጣል። መሬት ላይ የሚይዘው ቦታ የአንድ በርጩማ ያህል ሲሆን ከ20 በላይ ችግኝ ይሸከማል። በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ኪቤራ በሚባለው የተጨናነቀ የድሆች ሰፈር፣ በ2007ቱ (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ማግሥት ከተነሣው ግጭት በኋላ ገበያው ሲታወክ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በበራቸው ላይ አቁመውት ስሙ በሰፊው ታወቀ። ግቢ ለጠበበበትና ኮንዶሚኒየም ለበዛበት አዲስ አበባም ልክ ነው።

ጆንያ ይባል እንጂ የሚያዋጣው ከቃጫ የተሠራው አይደለም፤ ቃጫ በአንድ ክረምት ይበሰብሳል። የሚፈለገው ከፕላስቲክ ክር የተሸመነው፣ በመጀመሪያ የመጣበትን ዕቃ ስም ወርሶ እስከ ዛሬ “ማዳበሪያ” የሚባለው ከረጢት ነው። ጤፍ ወይም ስንዴ የነበረበት የ1 ኩንታል ማዳበሪያ ይመረጣል። ሲሚንቶ ወይም ኬሚካል የነበረበት ግን በምንም ታጥቦ ለምግብ አይሆንም።

መጠኑን አስቀድሞ ማስላት ከብዙ ድካም ያድናል። ባዶው ማዳበሪያ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሲሞላ ዙሪያው 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። አፉ ታጥፎ 80 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሲቀር 90 ሊትር ግድም ይይዛል። ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ 120 ኪሎ ስለሚደርስ አንዴ ከተሞላ አይነሣም፤ መሞላት ያለበት እዚያው በሚቆምበት ቦታ ነው። በረንዳ ላይ ሁለት ሦስት መደርደርም ልክ አይደለም። ለበረንዳ የ25 ኪሎ ከረጢት ግማሽ ድረስ ተሞልቶ ከሥሩ ሳፋ ይደረግለታል፤ አለዚያ ከታች ባለው ጎረቤት ልብስ ላይ ይንጠባጠባል።

ለትልቁ ጆንያ 2 ባልዲ (ባለ 20 ሊትር) አፈር፣ 1 ባልዲ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ ግማሽ ባልዲ አሸዋና 1 ባልዲ ጠጠር ይበቃል። ይህ ለቀይ አፈር ነው። ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ የሚበዛው ጥቁር መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ደግሞ ይደፈናል፤ እሱ ከሆነ አፈሩን ወደ 1 ባልዲ አውርዶ ኮምፖስቱን 2 ማድረግ ነው። ልኩን እጅ ይነግራል። የተቀላቀለውን እርጥብ አፈር በመዳፍ ጨብጦ፣ ከፍቶ፣ በጣት ነካ ማድረግ ነው፤ ጭብጡ ከፈረሰ ደኅና ነው፣ እንደ ሊጥ አብረቅርቆ የጣት ምልክት ብቻ ከያዘ አሸዋና ኮምፖስት ይጨመርበት፣ ገና መዳፍ ሲከፈት ከተበተነ ደግሞ አሸዋው በዝቷል። ፍጉ እጅ ሲገባበት የሚሞቅና ሽንት ሽንት የሚል ከሆነ ገና ነው፤ ሥር ያቃጥላል።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው ግን በመካከሉ ባለው የጠጠር ዓምድ፣ በእምብርቱ ነው። የብዙ ሰው ጆንያ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ወር ካለፈ በኋላ ስለሚታይ ጥፋቱ በዘሩ ይሳበባል። እምብርት ከሌለ ከላይ የፈሰሰው ውሃ አፉ ላይ ያለውን ብቻ አርሶ በጎን ይወርዳል። የመካከሉ ረድፍ በጥማት ይጠወልጋል፣ ከሥር የተጠራቀመው ደግሞ ይሸታል። እምብርቱ ካለ ውሃው በጠጠሩ ወርዶ ወደየጎኑ ይሰርጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ከላይም ከታችም ተከፍቶ ቱቦ ይደረጋል። በጆንያው ወለል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይነጠፋል፤ ለመንገድ የሚነጠፈው ሬድ አሽ ከተገኘ ቀዳዳው ስለሚበዛ ውሃ ይይዛል፣ ክብደትም ይቀንሳል። ጣሳው መካከል ላይ ይቆምና ውስጡ በጠጠር፣ ዙሪያው በአፈር ይሞላል። አፈሩ የጣሳው ከንፈር ሊደርስ ሲል ጣሳው በቀስታ ወዝወዝ ተደርጎ ወደ ላይ ይሳባል፤ ጠጠሩ በቦታው ይቀራል። ሙሉ በሙሉ መውጣት የለበትም፣ 3 ጣት ያህል አፈር ውስጥ ይቅር፤ ካልሆነ ዓምዱ ይጣመማል። እስከ አፍ ድረስ እንዲህ እየተደጋገመ ይሄዳል። አፈሩ በእጅ ይደላደላል እንጂ በእግር አይረገጥም። ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተዋል፣ ውሃ ሲፈስ ሜዳ እንዳይወርድ። ከዚያ 3 ወይም 4 ቀን ውሃ እያጠጡ መተው ነው፤ አፈሩ ይወርዳል፣ የጎደለው ይሞላል። ይህን ሳይጠብቁ የተከሉ ሰዎች የጎኑ ችግኝ ከአፈሩ ጋር ወደ ታች ተስቦ አንገቱ በፕላስቲኩ ሲታነቅ ያዩታል።

የታችኛው ረድፍ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቀዳዳ ከቀዳዳ 20 ሳንቲ ሜትር ሲራራቅ በዙሪያው 6 ይወጣል፤ 3 ረድፍ ሲሆን 18፣ ከላይ 4 ወይም 5 ይጨመራል። ረድፎቹ አንዱ ከሌላው በላይ በቀጥታ ሳይሆን እየተዛነፉ ይሁኑ። ቀዳዳው 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስቀል ቅድ ነው፤ ጫፉን በጋለ ሚስማር መተኮስ ክሩ እንዳይተረተር ያደርገዋል። ችግኙ 4 ቅጠል ያወጣ ይሁን። ጣት ወደ ውስጥና ወደ ታች አዘንብሎ ጉድጓድ ይከፍታል፣ ሥሩም ሳይታጠፍ ይገባል። ሥሩ ወደ ላይ የታጠፈ ጎመን ከተከላው በኋላ ሳይሞትም ሳያድግም ይቆያል።

ቦታ ሲመረጥ የፀሐይን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት በደቡብ ትሆናለች። ጆንያው ስለማይዞር ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ጥላ በሚያመዝንበት ጎን ሰላጣና ቆስጣ፣ ፀሐይ በሚመታው ጎን ጎመን ይተከል። ካሮትና ቀይ ሥር ለጎን አይሆኑም። ቲማቲም በክረምት ዝናብ እንዳያገኘው ከጣራ ጥግ ካልተከለለ፣ ገበሬው ምች የሚለው በሽታ በሳምንት ውስጥ ቅጠሉን አጥቁሮ ይጨርሰዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ስለሚጥል ማታ ማታ አፉን በኬሻ መሸፈን ነው።

በበጋ ለአንድ ሙሉ ጆንያ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፣ ግማሹ ጧት ግማሹ ማታ፤ አብዛኛው በእምብርቱ ላይ ይፈስሳል። ከሥር መፍሰስ ከጀመረ በዝቷል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አትክልትና እህል የታጠበበትን መጠቀም ይቻላል፤ የኦሞ ውሃ ግን ጨው እያከማቸ አፈሩን ያደርቀዋል። የወንዝ ውሃና የወንዝ ዳር አፈር ፈጽሞ አይነካ። የአቃቂ ወንዞች የቆዳ ፋብሪካና የጋራዥ ፍሳሽ ተቀብለው ነው የሚወርዱት፤ ክሮምና እርሳስ የሚባሉት መርዛማ ብረቶች በሥር ገብተው ቅጠል ውስጥ ስለሚቀመጡ በማጠብ አይወጡም። ከጋራዥ ግቢ የሚወሰድ አፈርም ያው ነው።

ክሽክሽ (የቅጠል ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ከቅጠል ሥር ሲታይ በጣት መጨፍለቅና በቀጭን የሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል። ቆራጭ ትል ግን ሌሊት የችግኙን አንገት ቆርጦ ይጥላል። ጧት የወደቀ ችግኝ ከተገኘ አጠገቡ ያለውን አፈር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫር ማድረግ ነው፤ ተጠቅልሎ የተኛው ግራጫ ትል እዚያው ነው።

በግቢ ወይም በእድር ሲሠራ ሥራው ይቀላል፣ አፈር ማጓጓዝ ለብቻ አይቻልምና ለሙሌቱ ቀን ደቦ መውጣት ነው። ለ10 ጆንያ የሚሆን ችግኝ ከአንድ መደብ ይወጣል። የኮምፖስቱ ነገር ከሰፈሩ አይጠፋም፤ የጁስ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ የቅርጫው ሰንጋ ፈርስ አለ። ፈርስ ከደረቅ ሣር ወይም ከገለባ ጋር ተደባልቆ ካልተከመረ ዝንብ ይጠራል። ክምሩ በየ2 ሳምንቱ ከተገላበጠ 3 ወር ገደማ ይፈጃል። የቡና አተላው ከክምሩ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። ጠብ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በውሃ ተራና በቅጠሉ ክፍፍል ስለሆነ እያንዳንዱ ጆንያ አንድ ባለቤት ይኑረው፤ የጋራው መደቡና ኮምፖስቱ ይሁን።

ጎመንና ቆስጣ ከተተከሉ ከ5 እስከ 6 ሳምንት በኋላ መቀንጠስ ይጀመራል። ከውጭ ያሉት 2 ወይም 3 ቅጠሎች ወደ ታች ተሰብረው ይወሰዳሉ፣ ከውስጥ 5 ይቀራሉ፤ በየሳምንቱ እንዲህ ከተደረገ ለወራት ይበላል። ከዓመት በኋላ ፕላስቲኩን ቆንጠጥ አድርጎ ማየት ነው። ፀሐይ የበላው ክር በጣት መካከል እንደ ዱቄት ከተሰበረ አፈሩን ወደ አዲስ ከረጢት ማዛወር ጊዜው ነው፤ ከዘገየ የፕላስቲኩ ብናኝ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። ሲዛወር 1 ባልዲ ኮምፖስት ይጨመርለት፣ ጎመን የነበረበት ጎንም በዚያ ወቅት ለሰላጣ ይሰጥ።