ዛፍ ላይ የወጣ ሁሉ ተቀጽላ አይደለም

ስለ ኦርኪድ ሰዎች የሚሉትን አንድ በአንድ እንየው።

«ኦርኪድ የፈረንጅ አበባ ነው።» አበባ ቤት በፕላስቲክ ዕቃ ተተክሎ የምናየው ሰፋፊው ነጭና ሐምራዊ፣ እሺ፣ ዘሩ ከእስያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከ160 በላይ የዱር ኦርኪድ ዝርያዎች አሉ።

«ዛፍ ላይ ካልሆነ ኦርኪድ አይደለም።» የእኛዎቹ አብዛኞቹ መሬት ላይ ነው የሚበቅሉት። ሳሳ ባለ ጫካ ውስጥ አንጋጣችሁ ቅርንጫፍ ስትፈልጉ ረግጣችሁት ልታልፉ ትችላላችሁ።

«ዛፍ ላይ ከሆነማ ተቀጽላ ነው፤ ዛፉን ይመጠዋል።» ይቺ ታበሽቀኛለች። በዚህ ሰበብ ስንቱ ከዛፍ ላይ ተፍቆ ይጣላል! ተቀጽላ እውነትም ሥሩን እንጨቱ ውስጥ ሰዶ የዛፉን ውሃ ይጠጣል። የገባበትም ቦታ ብዙ ጊዜ አብጦ ይታያል። የኦርኪድ ሥር ግን ቅርፊቱን ይዞ ከላይ ይቀራል፤ የሚጠጣው ዝናብና ጉም ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ደረቅ ሥር ግራጫማ ነጭ ነው። ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ ይሆናል።

«ቅጠል ከሌለው ደርቋል።» የግድ አይደለም። ማይክሮሲሊያ የሚባለው የኦርኪድ ወገን ዕድሜ ልኩን ቅጠል የለውም። ምግቡን የሚሠራው በእነዚሁ ሥሮቹ ነው።

«ኦርኪድን ለመለየት ቀለሙ ይበቃል።» መስከረም ላይ ሜዳው ሁሉ ቢጫ በሆነበት አገር? ዩሎፊያ ስትሬፕቶፔታላን እንውሰድ። የመሬት ኦርኪድ ነው፤ የአበባው ዘንግ ከ1 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከሩቅ ቢጫ ብቻ ነው። ቀረብ ስትሉ ግን ውጪኞቹ 3 የአበባ ቅጠሎች አረንጓዴ ሆነው ቡናማ ነጠብጣብ አለባቸው። ቢጫዎቹ ከውስጥ ያሉት 2 ናቸው። ሦስተኛው የውስጥ ቅጠል ቅርጹ ለብቻው ነው፤ «ከንፈር» ይሉታል። መለያው እሱ ነው። አሁንም ከተጠራጠራችሁ መሃሉን ተመልከቱ። ሊሊ በሚባለው አበባ ውስጥ 6 የወንዴ ዘንጎች ተለያይተው ቆመው ታያላችሁ። ኦርኪድ ላይ ወንዴውና ሴቴው ተዋህደው አንድ አጭር ምሰሶ ሆነዋል።

«ነቅዬ ቤት ወስጄ አጣራለሁ።» ተዉት። የመሬት ኦርኪዶች አፈሩ ውስጥ ካለ ፈንገስ ጋር ተሳስረው ነው የሚኖሩት፤ ማሰሮ ውስጥ ብዙም አይቆዩም። ፎቶ ይበቃል። አበባውን ከፊትም ከጎንም አንሱት፤ ከንፈሩ ሥር የተንጠለጠለ ቀጭን ቱቦ መኖር አለመኖሩ የሚታየው ከጎን ነው። ቅጠሉንና የበቀለበትን ቦታም አትርሱ።